መልስ፦ የወፍ ጎጆ ፈርንና የባሕር ኪያር አራባብ

«ሁለቱም በስፖር ይራባሉ ወይ?» ለሚለው ጥያቄዎ መልሱ አይራቡም ነው፤ በስፖር፣ ማለትም ዱቄት በመሰለ የመራቢያ ደቃቅ ሕዋስ፣ የሚራባው አበባና ፍሬ የሌለው ቅጠላማ ተክል የሆነው ፈርኑ ብቻ ነው። የባሕር ኪያር ስሙ አትክልት ቢያስመስለውም የኮከብ ዓሣና የባሕር ጃርት ዘመድ የሆነ እንስሳ ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎች፣ በሕንድና በሰላማዊ ውቅያኖሶች ዳርቻ አሸዋ እየዋጠ በውስጡ ያለውን ብስባሽ የሚመገበውን የአሸዋ ባሕር ኪያር ጨምሮ፣ እንቁላልና የወንዴ ዘር ወደ ውኃው ይለቃሉ፤ ጽንሱም በዚያው ይፈጠራል።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። እኔ ለተማሪዎቼ የማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ሳዘጋጅ ስፖርን ከእንቁላል ትይዩ አስቀምጬ አሳስቻቸው ነበር። ስፖር ያለ ጽንስ በቅሎ የልብ ቅርጽ ያላት ትንሽ ተክል ይሆናል፤ የፈርኑ እንቁላልና የወንዴ ዘር የሚገናኙትም በዚህች ተክል ላይ፣ ያውም እርጥበት ሲኖር ነው። ስለዚህ ከባሕር ኪያሩ እንቁላል ትይዩ የሚጻፈው የዚህች ተክል እንቁላል ነው።