መልስ፦ የድሮው ተኩስ ጌም ሲታደስ ልጓጓ ወይስ ልፍራ?

አብሽር ወንድሜ። የልጅነትህ የተኩስ ጌም እንደ አዲስ ሊሠራ ነው ሲባል ልጓጓ ወይስ ልፍራ ብለሃል። ሁለቱም ያስኬዳል።

ዱም የሚባለውን ጭራቅ የሚተኮስበት ጌም እይ። የ1993ቱን (በፈረንጆቹ) ደሴ ፒያሳ፣ ጌም ቤት ውስጥ ነው የተጫወትኩት፣ ሽፍት ቁልፏ በወለቀች ኪቦርድ። የሚሮጠው ሽፍትን ተጭነህ ስለነበር ሩጫ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። 2016 ላይ ሲታደስ ግራፊክሱ ሌላ ሆነ፣ ነፍሱ ግን ያው። ጥይት ለመሙላት መቆም የለም። ስትመታ የሚቀንሰው ጤናህም ተደብቀህ ስትጠብቅ አይመለስም፤ የተዳከመውን ጭራቅ ተጠግተህ በእጅህ ስትጨርሰው ታገኛለህ። ፈሪ አያሸንፍም።

ዱክ ኑከም የሚባለው ሌላው የድሮ ተኩስ ጌም ተቃራኒው ነው። ተከታዩ ዱክ ኑከም ፎርኤቨር 1997 ታውጆ 2011 ወጣ። 14 ዓመት! ድሮ መሣሪያውን ሁሉ ተሸክሞ ይዞር የነበረ ሰውዬ ሁለት ብቻ ያዝ ተባለ። ጤናውም ጥግ ይዞ ሲያርፍ ይመለሳል። የጊዜውን ፋሽን ልከተል ብሎ የራሱን ጣለ።

የኔ ስጋት ጊጋው፣ ማለትም የሚወርደው ፋይል ትልቅነት ነው። የ2016ቱ ዱም ከ50 ጊጋ በላይ ነው። ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛዬ ሌሊት ሲያወርድ 90 ፐርሰንት ላይ መብራት ሄደበት። ፊቱን ብታየው!

ለማንኛውም ቀድመህ አትክፈል። ሲወጣ ዩቲዩብ ላይ እየው፤ ጤናው እንዴት እንደሚመለስ ብቻ ተመልከት።