የእንጨት ህትመት መቅረጫ ቢላዋ አሳሳል

ጥያቄ፦ የህትመት ሥዕል ተማሪ ነኝ። በጃፓን ስልት የተሠራው፣ አንዱ ፊቱ ብቻ ሰያፍ የሆነው መቅረጫ ቢላዋዬ መስመሩን አጥርቶ ከመቁረጥ ይልቅ እንጨቱን መቦጨቅ ጀምሯል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ስለቱ ደንዟል። ሰያፉን ፊት በውኃ በራሰ፣ ቁጥሩ 1000 በሆነ የመሳያ ድንጋይ ላይ ሙሉ በሙሉ አስተኝተው፣ ጣትዎን ለስለቱ አቅርበው በመጫን፣ በጀርባው በኩል ቀጭን ሻካራ ጠርዝ በእጅ እስኪዳሰስ ድረስ ይሳሉት፤ ከዚያም ቁጥሩ 6000 በሆነው፣ ይበልጥ ልሙጥ በሆነ ድንጋይ ያለስልሱት። ጀርባውን ግን ፍጹም ዝርግ አድርገው፣ ያንን ጠርዝ ለማንሳት ያህል ብቻ በቀስታ ያሹት። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ጀርባው አንዴ ከተጎበጠ ስለቱን ለመመለስ ብዙ ብረት መፋቅ ስለሚያስፈልግ ነው። ድንጋዩም በአጠቃቀም ብዛት መሐሉ ይጎደጉዳልና በየጊዜው ሊደለደል ይገባዋል።

አያያዝዎም ስለቱን ይጎዳል ወይም ይጠብቃል። በመስመሩ ዳር ሲቆርጡ፣ የመስመሩ ሥር ከአናቱ ሰፋ ብሎ እንዲቀር ቢላዋውን ያዘንብሉት፤ ሥሩ የተሸረሸረ ቀጭን መስመር በህትመት ጫና ይሰበራልና። ቀጥለው ከተቃራኒው ወገን ቆርጠው ቦይ ያውጡ፤ ሰፊውን ባዶ ቦታ ለመሮ ይተዉት። እንጨቱን በቢላዋው ጫፍ ፈልቅቆ ማንሳት፣ በተለይ በጃፓን የኤዶ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868 እ.ኤ.አ.) የነበሩ ቀራጮች ይጠቀሙበት እንደነበረው የቼሪ ዛፍ ባለ ጠንካራ እንጨት ላይ፣ ጫፉን ይሰብረዋል።

ሥራ ሲያበቁ ቢላዋውን አድርቀው ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ይቀቡት፤ ስለቱም ከሌሎች ብረቶች ጋር እንዳይጋጭ ለብቻው ሸፍነው ያስቀምጡት።