ለሞዴል ሮኬቴ የትኛው ሞተር ይሁን? ጠይቁኝ

አራት ኪሎ ቁጭ ብያለሁ፣ ሻይም ቀርቧል። ስለ ሞዴል ሮኬት ሞተር ያላችሁን ጥያቄ ወርውሩ።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ላይ «ሲ6-5» ተብሎ ተጽፏል። ምንድነው?

መልስ፦ ፊደሉ የሞተሩን ጠቅላላ ጉልበት ይናገራል። አንድ ፊደል በተሻገርክ ቁጥር ጣሪያው እጥፍ ነው፤ ኤ እስከ 2.5 ኒውተን-ሰከንድ (ግፊቱ በሚቆይበት ሰከንድ ሲባዛ)፣ ቢ እስከ 5፣ ሲ እስከ 10፣ ዲ እስከ 20። 6 አማካይ ግፊቱ ነው፣ በኒውተን። 5 ደግሞ ባሩዱ ነድዶ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ የሚቆየው ሰከንድ።

ጥያቄ፦ የኔ ከነሞተሩ 150 ግራም ነው። ሲ6 ያነሳዋል?

መልስ፦ መነሳቱን ይነሳል፣ አካሄዱ ግን አያምርም። የተለመደው መመዘኛ ግፊቱ ከክብደቱ ቢያንስ 5 እጥፍ ይሁን ይላል። 150 ግራም ወደ 1.5 ኒውተን ነው፤ በ5 ሲባዛ 7.5። ስድስቱ አልደረሰም። ሲነሳ ከሚመራው የማስነሻ ዘንግ ሲለቅ በቂ ፍጥነት ከሌለው ክንፎቹ ሊያቀኑት አይችሉም፤ ነፋስ ወደፈለገው ይወስደዋል። ዲ12 ልግዛ ካልክ መጀመሪያ ቱቦህን ለካ፤ ሲ6 ስፋቱ 18 ሚሊ ሜትር ነው፣ ዲ12 ግን 24። ከባድ ስለሆነም ጭራውን ይጎትታል፤ የክብደት ማዕከሉ (ሚዛን ጠብቆ የሚቆምበት ነጥብ) ከአየር ግፊት ማዕከሉ (የአየሩ ግፊት ተጠቃሎ ከሚያርፍበት ነጥብ) ቢያንስ አንድ የቱቦ ስፋት ያህል ወደ አፍንጫው መቅደም አለበት። እኔን ከጠየቅከኝ ሞተር ከማሳደግህ በፊት ማጣበቂያና ቀለም ቀንስ። እዚህ ከማያቸው ሮኬቶች ግማሹ በቀለም የከበዱ ናቸው።

ጥያቄ፦ የአዲስ አበባ ከፍታ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ እንዴታ! በ2,300 ሜትር ገደማ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠለል በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ሮኬቱ ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው በላይ ይወጣል፣ ባሩዱ ካለቀ በኋላም ረዘም አድርጎ ይንሳፈፋል። ቀላል ሮኬት ከሆነ በ5 ፈንታ 7 ሰከንድ የሚቆየውን አስቡበት፤ ገና ሲበር ፓራሹት ከወጣ ክሩ ቱቦውን ይሰነጥቀዋል። ፓራሹቱም እዚህ ፈጠን ብሎ ነው የሚወርደው፣ 10 በመቶ ገደማ።

ጥያቄ፦ እሁድ ጠዋት መስቀል አደባባይ ብናስወነጭፍስ? ወይ ጃንሜዳ?

መልስ፦ መስቀል አደባባይ በፍጹም። ሰው አለ፣ መኪና አለ፣ ባቡር አለ፣ ቦሌ አየር ማረፊያም ሩቅ አይደለም። ጃንሜዳም ሯጭና ኳስ ተጫዋች አያጣውም። ለሲ ሞተር ጠባቡ ጎኑ 120 ሜትር የሆነ ባዶ ሜዳ ያስፈልጋል። ፈቃድ ይዛችሁ ከከተማ ውጡ።

ጥያቄ፦ ከርችት ባሩድ ራሳችን ብንሠራውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ጣት የሚያስቆርጥ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ በየትኛው ይጀምር?

መልስ፦ በኤ፣ እመቤቴ። ዝቅ ብሎ ስለሚበር ልጁ እስኪያርፍ ድረስ በዓይኑ ይከተለዋል፤ በሲ ከጀመረ ሮኬቱን የሚያገኘው የሰው ጣሪያ ላይ ነው። የማስነሻውን ቁልፍ እርስዎ ይያዙ፣ ሁላችሁም 5 ሜትር ራቁ። ተጭነውት ሮኬቱ ካልተነሳ የማስነሻውን የደህንነት ቁልፍ ነቅለው አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ በፊት ማንም አይጠጋ።