አንጃናት ደጋግሞ ጣለኝ፣ መሳሪያ ልቀይር?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጌም ናቸው፤ ሞንስተር ሃንተር፦ ወርልድ። ካፕኮም በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። 14 ዓይነት መሳሪያ አለው፣ ግዙፍ አውሬ ታድናለህ፣ ከአውሬው ቆዳና አጥንት የተሻለ መሳሪያ ታሠራለህ፣ ከዚያ ወደሚብሰው ትሄዳለህ። እኔ በጣም የምወደው ጌም ስለሆነ ዛሬ አምዱን በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። ጌሙን ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። አንጃናት የሚባለው አውሬ ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ። በሎንግ ሶርድ (ረጅም ሰይፍ) ሞከርኩ፣ በሀመር (መዶሻ) ሞከርኩ፣ በዱዋል ብሌድስ (ጥንድ ሰይፍ) ሞከርኩ፣ አሁን ደግሞ ቀስት ይዣለሁ። ያው ነው፣ ይጥለኛል። ለጀማሪ የሚሆነው መሳሪያ የትኛው ነው? ቁርጡን ንገረኝ። (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁርጡን ከፈለግክ፣ ያስቸገረህ መሳሪያው አይደለም። በሦስት ሳምንት አራት መሳሪያ ከቀያየርክ አንዱም እጅህ አልገባም። እዚህ ጌም ላይ መሳሪያ ስትቀይር በተኑ ብቻ አይደለም የሚቀየረው፤ ከአውሬው ምን ያህል ርቀህ እንደምትቆም፣ መቼ እንደምትገባ፣ ከመታህ በኋላ ለመሸሽ ስንት ሰከንድ እንደሚወስድብህ፣ ይሄ ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል። አንጃናት ግን ያው አንጃናት ነው። አንተ በየጊዜው ከዜሮ ትነሳለህ፣ እሱ አይነሳም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ካንቲን ሂድና ብላ፤ ሳይበሉ መውጣት ሄልዝህንም (ጤናህን) ስታሚናህንም (ለመሮጥና ለመሸሽ ያለህን አቅም) ዝቅ አድርጎ መጀመር ነው። ከዚያ አደኑን ጀምርና መሳሪያህን አታውጣ። ጊዜው 50 ደቂቃ ነው፣ አሥሩን ለማየት ብቻ ስጠው። እየሸሸህ ተመልከተው። ጅራቱን ከማወናጨፉ በፊት ሰውነቱ ምን ያደርጋል? ነክሶ ሲስትህ ስንት ሰከንድ ይቆማል? ጉሮሮው መቅላት ሲጀምር እሳት ሊተፋ ነው። ያኔ ከፊቱ ጥፋ፣ ወደ ጎኑ ወይ ወደ ኋላ እግሩ ግባ። እሳቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ እግሩ ሥር ያለ ሰው በሰላም ይመታዋል፤ እግሩን ደጋግመህ ከመታኸው ደግሞ ይወድቃል። እሳት ከያዘህ አትደንግጥ፣ ደጋግመህ ተንከባለል ወይ ውሃ ውስጥ ግባ፣ ይጠፋል። ሌላው ነገር አንጃናት ውሃ አይወድም። ከእሱ በፊት ያደንከውን ጅዩራቶደስን ደግመህ አድነውና ከክፍሎቹ የውሃ መሳሪያ አሠራ።

አሁን ወደ ምርጫው። ችኩል ከሆንክና ቶሎ ቶሎ መድኃኒት የምትጠጣ ከሆነ ሶርድ ኤንድ ሺልድ (ሰይፍና ጋሻ) ያዝ። ፈጣን ነው፣ ጋሻ አለው፣ መሳሪያውን ወደ ቦታው ሳትመልስ ዕቃ መጠቀም የሚያስችል ነው። መሸሽ የማትወድ፣ አንድ ቦታ ቆሜ ልመክት የምትል ከሆነ ላንስ (ጦርና ጋሻ) አለልህ። ቻርጅ ብሌድ (ሰይፍም መጥረቢያም የሚሆነው) በጣም ግሩም መሳሪያ ነው፣ ግን በሰይፉ ጉልበት አጠራቅመህ በመጥረቢያው መልቀቅ አለብህ። ለመጀመሪያ አልመክረውም።

የእኔ መሳሪያ ግሬት ሶርድ (ግዙፉ ሰይፍ) ነው። ብዙ ጀማሪ ይሸሸዋል፣ ምክንያቱም ከባድ ነው፣ ይዘኸው ስትራመድ ራሱ ትንቀረፈፋለህ። ግን አውሬ ማንበብን እንደሱ የሚያስተምር መሳሪያ የለም ብዬ አምናለሁ። ፕሌይስቴሽን ላይ የሦስት ማዕዘን በተኑን ይዘህ ስትቆይ በሦስት ደረጃ ይሞላል፣ ሦስተኛው ላይ ስትለቀው ይወርዳል። ሰይፉ እስኪወርድ ጊዜ ስለሚፈጅ አውሬው አሁን ያለበትን ሳይሆን ቀጥሎ የሚመጣበትን ቦታ ነው የምትመታው። እየሞላህ እያለ ሊመታህ ከመጣ የክብ በተኑን ተጫን፣ በትከሻህ ትገጨዋለህ። ትንሽ ያምሃል ግን አትወድቅም፣ ቀጥታም ወደሚቀጥለው ጠንካራ ምት ትሻገራለህ። አውሬው ሲያገሳ ሌላው ጆሮውን ይዞ ሲቆም አንተ በዚህ ግጭት አልፈህ ራሱ ላይ ስታሳርፍበት ያለው ስሜት፣ ሌላ ጌም ላይ አላገኘሁትም።

የትኛውንም ምረጥ፣ ብቻ ቢያንስ 20 አደን አብረኸው ቆይ።

ጥያቄ፦ ዱዋል ብሌድስ ነው የምጫወተው፣ በጣም ይመቸኛል። ግን መሳሪያ ሠሪው ጋ ስሄድ የወንድሜ ግሬት ሶርድ ጉልበቱ 672 ይላል፣ የእኔ 196 ነው። ወንድሜ «ጊዜሽን አታባክኚ፣ ያንቺ ሲሶው እንኳን አይሆንም» ይለኛል። እውነቱን ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። በጭራሽ። ይሄ ቁጥር ስንቱን ሰው ከሚወደው መሳሪያ እንዳለያየው አይቻለሁ፣ ለዛ በደንብ ላስረዳሽ።

ጌሙ የሚያሳየው ቁጥር በየመሳሪያው ዓይነት የተባዛ ነው። ግሬት ሶርድ በ4.8 ይባዛል፣ ዱዋል ብሌድስ በ1.4። የእሱን 672 ለ4.8 ስታካፍዪው 140 ይመጣል። ያንቺን 196 ለ1.4 አካፍዪው፣ እሱም 140። እኩል ናችሁ! ልዩነቱ ያለው በእያንዳንዱ ምት ላይ ነው። እሱ ጠብቆ ጠብቆ አንድ ትልቅ ምት ያሳርፋል፣ አንቺ በዚያው ጊዜ ብዙ ትንንሽ ምቶች ታወርጃለሽ። ለዚህም ነው እሳት፣ ውሃ፣ በረዶ ያለበት መሳሪያ ላንቺ በጣም የሚጠቅመው፤ ኤለመንቱ ምት ባረፈ ቁጥር ስለሚጨመር ብዙ ጊዜ የሚመታ ሰው ያተርፍበታል። አንድ ዱዋል ብሌድስ ብቻ ይዘሽ አትዙሪ። እንደየአውሬው ድክመት የተለያዩ አዘጋጂ።

ከቁጥሩ ይልቅ ስለቱን ተመልከቺ። ጌሙ የስለቱን ደረጃ በቀለም ያሳያል፤ አረንጓዴ ስለት ጉልበትሽን በ1.05 ያባዛል፣ ሰማያዊ በ1.2፣ ነጭ በ1.32። ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ መውጣት ብቻ 14 በመቶ ገደማ ጭማሪ ነው። ዱዋል ብሌድስ ደግሞ ቶሎ ይዶለዱማል፣ የዶለዶመ መሳሪያ ጠንካራ ቅርፊት ላይ ነጥሮ ይመለሳል፣ አንቺም ቆመሽ ምት ይደርስብሻል። የመሳያ ድንጋዩ አያልቅም። አውሬው ሌላ ቦታ ለመሄድ ዞር ባለ ቁጥር ሳዪው።

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች ነን፣ ኦንላይን አብረን እንጫወታለን። እኔ በሎንግ ሶርድ ስመታ ጓደኞቼ ይደናቀፋሉ፣ ሁሌ ጭቅጭቅ ነው። ብቻችንን ስንጫወት የምናሸንፈውን አውሬ አራት ሆነን እንሸነፋለን። ምን ይሻላል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሰው ሲጨመር የአውሬውም ሄልዝ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ሦስቱ መውደቅ የጋራችሁ ነው። አንዱ ሦስቴ ቢወድቅ የአራታችሁም አደን አበቃ። ስለዚህ ሄልዙ የወረደ ሰው ይውጣና ይጠጣ፣ ማንም አይስቅበት።

ቦታ ተከፋፈሉ። ሀመር የያዘ ጭንቅላቱን ይውሰድ፣ አውሬውን አደንዝዞ የሚጥለው እሱ ነው። ጅራት የሚቆረጠው ግን በስለት ነው፣ ሀመር አይቆርጥም። አንተ በሎንግ ሶርድህ ጅራቱ ጋ ሂድ። እዚያ ብትወናጨፍ ማንንም አትነካም፣ ጅራቱ ሲቆረጥም ሁላችሁም ሄዳችሁ ክፍል ትወስዱበታላችሁ። የጓደኛ ሰይፍ ሄልዝ አይቀንስም ግን ምት ያቋርጣል፣ ግሬት ሶርድ ለሚሞላ ሰው ይሄ በጣም ያናድዳል። ፍሊንች ፍሪ የሚባለውን ስኪል (መደናቀፍን የሚከላከል ችሎታ) ሁላችሁም አንድ ደረጃ ብቻ ብታስገቡ ብዙው መደናቀፍ ይቀራል።

አውሬው ሲተኛ ደግሞ እባካችሁ አትሩጡበት! የተኛ አውሬ ላይ የመጀመሪያው ምት እጥፍ ነው፣ የመጀመሪያው ብቻ። ግሬት ሶርድ ያለው ካላችሁ ሁላችሁም ሰብሰብ በሉና እሱ ሞልቶ ያውርደው። ቀስት የያዘው በሩቅ ሆኖ በአንዲት ትንሽ ፍላጻ ከቀሰቀሰው ያ ሁሉ ዕድል ባከነ።

ጥያቄ፦ ወርልድን ልግዛ ወይስ አዲሱን ዋይልድስ? ዲፌንደር የሚባሉት መሳሪያዎችስ ጥሩ ናቸው? (ከዱባይ)

መልስ፦ ዋይልድስ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ አይሠራም። ያለህ 4 ከሆነ ወርልድን ግዛ፣ ኢንተርኔት በሌለበትም ብቻህን ትጫወተዋለህ። ዲፌንደር መሳሪያዎቹ አዲስ ሰው ታሪኩን ቶሎ ጨርሶ ወደ አይስቦርን (የወርልድ ትልቁ ተጨማሪ ክፍል) እንዲደርስ የተሰጡ ናቸው። በጣም ጠንካራ ናቸው፣ አውሬው ሳታውቀው ይሞታል። እንደኔ ሳጥን ውስጥ ይቀመጡ። በእነሱ አንጃናትን በአምስት ደቂቃ የገደለ ሰው ጉሮሮው ሲቀላ እንኳን አላየም፣ አይስቦርን ሲገባ ደግሞ መሳሪያው አያድነውም።