በሩን ማን ቆለፈው? ለምንስ?

ውድ ልጆቼ፣

አንዳንዶቻችሁ ሥራ ጀምራችኋል፣ አንዳንዶቻችሁም በቅርቡ ትጀምራላችሁ። ፋብሪካ፣ ሆቴል፣ ክሊኒክ፣ መጋዘን፣ ቢሮ፣ የቀናችሁ ቦታ ሁሉ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በኤሌክትሪክ ጥገና ነው፤ አብዛኛውንም እዚሁ ደብረ ብርሃን። ስለ እሳት አደጋ ስጽፍላችሁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን መመሪያ ልደግምላችሁ አይደለም። እሱን ራሳችሁ ታነቡታላችሁ። ይልቅ ክልክል የተባለ ነገር ሲደረግ ስታዩ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ለምን እንደተደረገ ጠይቁ።

ከብርዱ ልጀምር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷን ውጭ ያላደረ አያውቀውም። ታዲያ ጥበቃው ምን ያድርግ? ከሰል ያያይዛል። ማንደጃውን ወደ ዘበኛ ቤቱ አስገብቶ በሩን ይዘጋል። ዘበኛ ቤቷ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመጋዘኑ ግድግዳ ጋር ተለጥፋ የተሠራች ናት፤ ባዶ ካርቶኑና ጆንያውም እዚያው አጠገቧ ይከመራል። እሳት ባይነሳ እንኳ ከሰሉ የሚያወጣው ጋዝ አለ። አይሸትም፣ አይታይም፣ ሰውን በእንቅልፉ ይዞት ይሄዳል። "ከሰል ማንደድ ክልክል ነው" ብሎ መለጠፍ ቀላል ነው። ብርዱ ግን ወረቀት አያነብም። ለሰውየው ደህና ካፖርት ስጡት፣ ከመጋዘኑ ራቅ ያለች ክፍል ሥሩለት፣ ከዚያ ከልክሉት። ያኔ ይሰማችኋል።

ቢሮ ውስጥም ያው ብርድ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ መሆኑ ነው። አንድ 2,000 ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል። ሁለቱን አንድ ዲቫይደር ላይ ከሰካችሁ 18 ደረሰ ማለት ነው። ሻይ ማፍያው ገና አልተቆጠረም። መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ብሬከር ይወርዳል። ያነሱታል፣ እንደገና ይወርዳል። በመጨረሻ አንድ ቀልጣፋ ሰው ይመጣና የ16 አምፔሩን ብሬከር አውጥቶ የ32 ይገጥምበታል። ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ከዚያ ወዲህ መብራት አይቋረጥማ! ገመዱ ግን ያው የድሮው ቀጭን ገመድ ነው፣ ግድግዳ ውስጥ ሆኖ ይግላል። የኤሌክትሪክ ሙያ የያዛችሁ ልጆች፣ ይህን እንድታደርጉ የሚለምናችሁ አለቃ አይጠፋም። እምቢ በሉ። ብሬከሩ የሚወርደው ሥራውን ስለሚሠራ ነው። ማሞቂያው የግድ ካስፈለገ የራሱ መስመር ይዘርጋለት።

ሙያው የሌላችሁም የምትችሉት አለ። ማታ ስትወጡ የመሰኪያውን ፕላስቲክ በእጃችሁ ጀርባ ዳበስ አድርጉት። ከጋለ፣ ወይም የሶኬቱ ቀዳዳ ዙሪያ ቡናማ ከሆነ፣ ሉዝ ኮንታክት፣ ማለትም የላላ ግንኙነት፣ ሊኖር ይችላል። አትጠቀሙበት፣ ለጥገና ተናገሩ።

አሁን ወደ በሩ። በመጋቢት 1903 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ውስጥ ትራያንግል የሚባል የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ 146 ሰው አለቀ። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከመውጫዎቹ አንዱ ተቆልፎ ነበር፤ ሠራተኛ ዕቃ ሰርቆ እንዳይወጣ ተብሎ። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል። እናንተ ግን የምትሠሩበትን ሕንፃ የጓሮ በር ዛሬ ሄዳችሁ እዩት። ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበት ታገኙ ይሆናል። ቁልፉ የት ነው? ፎርማኑ ኪስ ውስጥ። ፎርማኑስ? ምሳ ወጥቷል።

ባለቤቱን ክፉ ሰው ነው አልልም። ስርቆት እውነት ነው፤ ክሩም ብርድ ልብሱም በጓሮ ሲወጣ አይቻለሁ። ግን ከውጭ የማይከፈት፣ ከውስጥ ሲገፋ ብቻ የሚከፈት መቀርቀሪያ አለ። ሲከፈት የሚጮህ ደወልም ይገጠምለታል። ሌባውም ይያዛል፣ ሰውም ይወጣል። ስፖንጅ ፍራሽ የሚከማችበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ለነገ የሚባል ነገር የለም። ስፖንጅ አንዴ ከተያያዘ ጭሱ ጥቁርና መርዛማ ነው፤ ቁልፍ እስኪፈለግ አይጠብቅም።

ስለ እሳት ማጥፊያው ብዙ አልልም። የግፊት መለኪያው መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑን እዩ፤ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መርፌ የለውም፣ እሱ የሚታወቀው ተመዝኖ ነው። ካፖርት ማንጠልጠያ አታድርጉት። 6 ኪሎ የዱቄቱ ማጥፊያ ሩብ ደቂቃ አካባቢ ረጭቶ ያልቃል፤ ስለዚህ ነበልባሉን ሳይሆን ከሥሩ ምቱት፣ መውጫውንም ከጀርባችሁ አድርጉ። ካልጠፋ ጥላችሁ ውጡ። ኤሌክትሪክና ዘይት ላይ ውሃ አይደፋም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ቦታን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ አሠሪው ላይ ጥሏል። ሆኖም አዋጅ ጠቅሶ አለቃ ፊት መቆም ለአዲስ ሠራተኛ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ዝም ብትሉ ደግሞ ስብሰባው የሚጠራው ጅብ ከሄደ በኋላ ነው። እኔን ብዙ ጊዜ የሠራልኝ መንገድ ይኸው፦ "በሩ ይከፈት" ብላችሁ ብቻ አትግቡ። የመቀርቀሪያውን ዋጋ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ጠይቁ፣ የመግጠሚያውንም ጨምሩበት፣ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡ። አንዱን ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ።