መልስ፦ ሰው 100 ሜትርን ከ9.5 ሰከንድ በታች ይገባል?
«ከ9.5 ሰከንድ በታች መግባት ይቻላል ወይ?» ላልከው፣ እኔ ይቻላል ባይ ነኝ። ዩሴን ቦልት በ2009 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ 9.58 ሲገባ ከመነሻው የተንቀሳቀሰው ተኩሱ ከተሰማ ከ0.146 ሰከንድ በኋላ ነው። ደንቡ ግን ተኩሱ ከተሰማ ከ0.100 ሰከንድ ጀምሮ መነሳትን ስለሚፈቅድ፣ ከዚያ በፍጥነት መነሳት ይቻል ነበር። ከጀርባ የሚገፋው ነፋስም በሰከንድ 0.9 ሜትር ብቻ ነበር፤ ለሪከርድ የሚፈቀደው በሰከንድ እስከ 2 ሜትር ነው።

ዋናው ማነቆ እግር ማወራጨቱ አይደለም። ፈጣኑም ዘገምተኛውም እግሩን አየር ላይ የሚያመላልስበት ጊዜ ብዙም አይለያይም። ጨዋታው ያለው መሬቱ ላይ ነው! በሙሉ ፍጥነት እግር መሬት የሚነካው ለ0.1 ሰከንድ እንኳን አይሞላም። በዚያች ቅጽበት ከሰውነቱ ክብደት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ማሳረፍ አለበት።

እስቲ የቦልትን የበርሊን ሩጫ ቪዲዮ ቀስ አድርገህ እየው። ከ60 እስከ 80 ሜትር ያለውን በ1.61 ሰከንድ ነው የጨረሰው። ጫማው መሬቱን ነካ ሲያደርግ ወዲያው ይነሳል።