ሀበሻ ሲመጣ ልደበቅ ወይ?

«አገር ቤት አምስት ዓመት ፋርማሲ ተምሬ፣ አሁን ሎስ አንጀለስ ቴክኒሺያን ሆኜ እሠራለሁ። እዚህ ፋርማሲስት ያለ ሐኪም ማዘዣ የኤች አይ ቪ መከላከያ ፕሬፕ መስጠት ይችላል ሲሉ ሰማሁ። ልገባበት እፈልጋለሁ፤ ግን ሀበሻ ሲመጣ ምን እሆናለሁ?» ብለሽ ጽፈሽልኛል።

የሰማሽው ልክ ነው። የካሊፎርኒያው ሕግ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሠራል። በፊት ፋርማሲስቱ ቢበዛ የ60 ቀን ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ ከዚያ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። በ2024 ወደ 90 ቀን ከፍ አለ፣ የሚጠየቀው ከተሟላ ደግሞ ከዚያም በላይ።

ሥልጣኑ ግን የፋርማሲስት ነው፣ የቴክኒሺያን አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀትሽን ጨርሺ፦ የውጭ ምሩቃን ፈተና፣ ቶፍል (የእንግሊዝኛ ፈተና)፣ የኢንተርን (የልምምድ) ሰዓት፣ ናፕሌክስ (አገር አቀፉ የፋርማሲስት ፈቃድ ፈተና)፣ ከዚያ ካሊፎርኒያ የምትጠይቀው ፈተና። ከ2003 ወዲህ ለተመረቀ የሚጠየቀው ቢያንስ የአምስት ዓመት ትምህርት ስለሆነ እዚያ ላይ አትወድቂም። ትራንስክሪፕት ማስላክ ግን ያንከራትታል። ዛሬውኑ ጀምሪው።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። ይህ ሥራ ኪኒን ቆጥሮ ማቀበል አይደለም፤ ከሰው ጋር ማውራት ነው። ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ የተመረመረ ኔጌቲቭ የኤች አይ ቪ ውጤት ታያለሽ። ሰሞኑን ትኩሳት ነበረህ? ጉሮሮህን አሞህ ነበር? ብለሽ ትጠይቂያለሽ። እነዚህ ቫይረሱ ገና የገባበት ሰው ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንዲህ ያለ ሰው ፕሬፕ ብቻውን ቢወስድ፣ መድኃኒት የማይበግረው ቫይረስ ሊፈጠርበት ይችላላ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በአማርኛ ሲጠየቅ ደግሞ፣ አንዳንዱን ያስደነግጣል፣ አንዳንዱን ያሳርፋል።

አንዲት የማውቃት ፋርማሲስት አለች። አንድ የኛ ልጅ ካውንተሩ ጋ ደርሶ ባጇ ላይ ስሟን አነበበ፤ የጉሮሮ ከረሜላ ገዝቶ ውልቅ አለ። በሦስተኛው ቀን ተመለሰና እንደገና ከረሜላ አነሳ። ያኔ ነው ነገሩ የገባት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «በእንግሊዝኛ ነው በአማርኛ? እዚህ ያወራኸው እዚሁ ይቀራል። ከኔ ሌላ ፋርማሲስት ከፈለግህም እጠራልሃለሁ» አለችው። አሁን ለሁሉም ሀበሻ ይህንኑ ትላለች። አንዳንዱ ሌላ ይጠራልኝ ይላል፤ አትቀየምም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሕጉ ስለፈቀደ ሁሉም ፋርማሲ ይሰጣል ማለት አይደለም። ምክሩ ጊዜ ይወስዳል፣ ለዚያ ጊዜ የሚከፍል ደግሞ ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትሄዲ ከደመወዙ በፊት «የምታማክሩበትን ክፍል አሳዩኝ» በይ። መጋረጃ ብቻ ካሳዩሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ።